ቀን አንቆጥርም

ሰማይ በሚያፈስበት፣ በበርገን ወደብ ዳር
ጫማ ይሸጥ ነበር ሽማግሌው ኦድቫር፤
በሰም በታሸ ክር ዙሪያው የተሰፋ፣
ጭቃ የሚረግጥ፣ ውሃን የሚገፋ።
ከገንዘቡ ሣጥን በላይ ተሰቅሎ የዋለ
አባቱ የቀባው አንድ ሰሌዳ አለ፤
«ካልተስማማዎት ይመልሱት» ይላል፣
«ቀን አንቆጥርም» ብሎ ከሥር ይጨርሳል።

ሥራ የጀመርኩ ቀን፣ በሃያ ዓመቴ፣
ሕጉም ይኸው ነበር፣ ይኸው ነው ትምህርቴ።
ጫማ ልኩ ያልሆነ ቢመጣ በእግሩ
ኦድቫር ይቀይራል ሳይቋጥር ግንባሩ፤
ደረሰኝ አይጠይቅ፣ ቀኑን አያሰላ፤
«እግር ይሳሳታል» ይላል፤ የለም ሌላ።

መጀመሪያ ቶርገይር ገባ ሰኞ ለት፤
ዘጠኝ ክረምት ሙሉ ተራራ ወጥቶበት
ሶሉ እንደ ወረቀት የሳሳ ቦት ጫማ
ጣለው ባንኮኒው ላይ፤ «ይህ አልተስማማኝማ!»
ሰሌዳውን በጣት እያሳየን ቆመ።
ኦድቫር አዲስ ሰጠው፤ ያን ማታ ግን ታመመ።

ቀጥላ ራግንሂልድ አርብ ገዝታ ወጣች፣
ሰርግ ጨፍራበት ሰኞ ይዛው መጣች፤
ከተረከዙ ሥር የኬክ ክሬም ደርቆ
«እግሬ አልነካውም» አለች፣ ፊቷ ስቆ።
አንዱ ደግሞ ግራውን ለብቻው አመጣ፤
ቀኙን ውሻው በልቶት በኛ ላይ ተቆጣ፦
«ጥፋቱ የቆዳው ነው፤ ለምን ይጣፍጣል?
ገንዘቤ ይመለስ፤ የውሻም ሆድ ያማል።»

ኦድቫር አልከፋም፤ የሚሉት ውሸት ነው፤
ባጎረሰ እጁ ላይ ጥርስ ነው ያረፈው።
ማታ መብራት አጥፍቶ፣ የተመለሰውን
በጣቱ ይቆጥራል ቀዳዳ ቀዳዳውን።

በነጭ ወረቀት ላይ፣ በኔ እጅ ጽሕፈት፣
አንድ መስመር ጻፍኩኝ፦ «እስከ አንድ ዓመት»።
ከዚያ «እስከ ወር» ሆነ፤ ከዚያ «ደረሰኝ ያምጡ»፤
ከዚያ «ከነሣጥኑ»፤ ከዚያ «ሳይረግጡ»፤
ከዚያ «አሥራ አራት ቀን»፤ በቀይ ተሰምሮ
«ገንዘብ አንመልስም» በል አለኝ፣ አንገት ሰብሮ።

ደንበኛ ሲያነበው ሕግ ይመስለዋል፤
እኔን ከየመስመሩ የሰው ፊት ያየኛል፦
«ዓመት» ያልነው ቶርገይር፣ «ሳይረግጡ» ራግንሂልድ፤
ውሻውም አለበት፣ «ጥንድ ካልሆነ አይሄድ»።
ቶርገይር ራሱ አንድ ቀን አንብቦት ሲያበቃ
«ሱቁ ተበላሽቷል» ብሎ ወጣ ያለ ዕቃ።

ያባቱን ሰሌዳ አላወረድነውም፤
ወረቀቱ ሸፍኖት ዓይን አያየውም፤
ከጫፉ «ቀን» ብቻ አሾልቃ ትታያለች፣
ስንት እንደሆነ ሳትናገር ቀርታለች።

ኅዳር ነው፤ ጀንበሯ በዘጠኝ ጠልቃለች፤
ቱሪድ፣ የዓሣ ፋብሪካ ጠራጊ፣ ገባች።
አሥራ ስድስተኛው ቀን፤ ካልሲዋ በስብሶ፣
የኛው ክር ተፈትቶ፣ ውሃ ውስጡ ፈሶ።
ደረሰኙን ሰጠችኝ ዘርግታ በስሱ፤
ከልብስ ጋር ታጥቧል፤ ፊደል የለም በሱ።
ቀና ብላ ደንቡን አንብባ ጨረሰች፤
«ሁለት ቀን አልፎኛል፣ ይቅርታ» አለች።

ይቅርታ!
ያን ሁሉ ዓመት በዚያ ባንኮኒ ፊት
አንድም ሰው አላለም ይህችን ቃል፣ በስሕተት።
አህያውን ፈርተን ዳውላውን መታነው፤
ዳውላውም ቱሪድ ናት፣ እግሯ የረጠበው።

ኦድቫር ከጓዳ ወጥቶ ክሩን ዳበሰ፤
ወስፌና ሰም ይዞ ወንበሩ ላይ ደረሰ፦
«ገንዘብ አልመለስኩም፤ አልለወጥኩም ዕቃ፤
ስለ መስፋት ደንቡ አያወራም በቃ።»
ምድጃው አጠገብ ቱሪድ አንቀላፋች፤
ሲሰጣት አጥልቃው ዝናቡ ውስጥ ጠፋች።

ወሬ ግን በበርገን ከዝናብ ይቀድማል፤
ገና በማግሥቱ ሰው በር ላይ ቆሟል።
የሌላ ሱቅ ጫማ ታቅፈዋል ሁሉ፤
«ትሰፋላችሁ አሉ፣ በነጻ» ይላሉ።
ቶርገይር ከፊት ነው።

ኦድቫር ወረቀቱን አይቶ እኔን አየኝ፤
ከግርጌው አንድ መስመር ቦታ ቀርቶልኝ።
«ብዕርሽ የት አለ?» ብሎ ሲጠይቀኝ
«ጠፋ» አልኩት። ኪሴ ውስጥ ነበር፣ ሲወጋኝ።